ያልታጠበው ክሪክ

የእህቴ ልጅ ሰብለ የእንስሳት ሐኪም ናት። በቅርቡ ከደሴ ተቀይራ ወደ እኛ ወደ መካነ ሰላም መጣች። መሥሪያ ቤቷ ከላላና ወግዲ የሚያመላልሳት አንድ ያረጀ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ሰጥቷታል። ስኮርታ ጎማ አለው፣ አካፋ አለው፣ ክሪክ ግን የለውም። «ጋሼ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ሲነዱ የኖሩ ሰው ነዎት፤ ምን ዓይነት ክሪክ ልግዛ?» ብላ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ይዛኝ መለዋወጫ ሱቅ ሄደች። ባለሱቁ፣ ጨዋ ወጣት፣ ከመደርደሪያው ላይ ቀይ ቀለም የተቀባች አጭር የዘይት ክሪክ አወረደልን። «አባባ፣ ይቺ ናት የምትሻለው፤ ቀላል፣ አዲስ፣ ድካም የሌላት» አለኝ። አልዋሸም። አስፋልት ላይ ጎማ ለመቀየር ከእሷ የሚሻል የለም። ዋልካ አፈር ላይ ግን ራሷ ትሰምጣለች፤ ባትሰምጥም ቁመቷ አይበቃም። መኪናው በሆዱ ተኝቶ ሳለ ከሥሩ ማስገቢያ ቦታ ከየት ይገኛል? ይህን ሳስረዳው ወጣቱ ወደ ጓዳ ገብቶ አቧራ የለበሰ፣ ከላይ እስከ ታች ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ረጅም የብረት ክሪክ እየጎተተ አመጣ። ቁመቱ እስከ ደረቴ ይደርሳል። እጀታውን ይዤ አንዴ ወደ ታች ስጫነው ፒኑ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ «ቀጭ» አለ። አሮጌ ዘይት ከአፈር ጋር የተቀላቀለ ሽታ ወደ አፍንጫዬ መጣ።

ከዚያ በኋላ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ሰብለ ክንዴን ይዛ ባዶ የባትሪ ሳጥን ላይ አስቀምጣኝ ነበር። «ጋሼ፣ ምነው? ፊትዎ ልውጥ አለ'ኮ» ትለኛለች። ደህና ነኝ አልኳት። ክሪኩን ገዝታ መኪናዋ ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ ግን ሞተሩን አላስነሳችም። በማግስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ከላላ ልትወርድ ነው። «ክሪኩን ከጭቃ በወጣሽ ቁጥር፣ ያኑ ቀን፣ ሳትተኚ እጠቢው» አልኳት። «እሺ» አለች፣ ለሽማግሌ ምክር እሺ እንደሚባለው። እሺታዋ አልጣመኝም። ለሚስቴ እንኳን፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ነግሬያት የማላውቀውን ነገር ያን ቀን ለሰብለ የነገርኳት በዚህ ምክንያት ነው።

ዓመተ ምሕረቱን እየጠቀስኩ ማውራት አይሆንልኝም። ከክፉው ቀን፣ ከረሃቡ ማለቴ ነው፣ በኋላ ይባል ወይስ በዚያው ውስጥ፣ አሮጌው መንግሥት ወድቆ የአዲሱን ሹማምንት ማዕረግ ገና አጠራሩን እየተማርን ነበር። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ደሴ ላይ የእርዳታ እህል የሚያመላልስ ትንሽ የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ። ያን ጊዜ ሾፌር መሆን ዛሬ ፓይለት ከመሆን አያንስም። ፒያሳ ላይ በቤልቦተም ሱሪና ባለ ተረከዝ ጫማ ስወርድ፣ አፍሮዬን በእጄ መዳፍ እየዳሰስኩ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ሳይቀሩ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው የሱሪዬን ስፋት በዓይናቸው ይለኩ ነበር። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአምስት ሳንቲም ነበር። ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር የነበረው ሻይ ቤት ራዲዮኑን በር ላይ ያስቀምጠዋል፤ ጠዋት የሰልፍ መዝሙር፣ ከሰዓት በኋላ የፍቅር ዘፈን እንሰማለን። ቆይቶ የሰልፉ ብቻ ቀረ። ወደ ጦሳ ቀና ስትል ተራራው ያው ነው፣ ጉሙም ያው ነው። ከጦሳ ማዶ ግን አገር እያለቀ ነበር። አሁን ሳስበው የሚገርመኝ ይኸ ነው፤ ሱሪዬ ይስፋ ይጥበብ እያልኩ ከሰፊ ጋር የምከራከርበትና ያንን ሁሉ ሰው መንገድ ዳር ወድቆ የማይበት ወር አንድ ወር መሆኑ።

አብረውኝ የሚሠሩት ረዳት አያ ሁሴን ይባላሉ። ረዳት ሲባል ልጅ እግር እንዳይመስላችሁ፤ ሃምሳን የተጠጉ፣ ጺማቸው የሸበተ ሰው ነበሩ። ቀድሞ ከከላላ ደሴ በቅሎ ጭነው የሚነግዱ ታዋቂ ነጋዴ ነበሩ። በቅሎዎቻቸው በድርቁ አንድ በአንድ አለቁባቸው። የመጨረሻዋ ስትሞት ኮርቻዋን መስጊድ ደጅ ትተው መኪና ተራ መጡ። መኪናዬን «በቅሎዋ» ነበር የሚሏት። ያ ረጅም ክሪክ ደግሞ የሳቸው ነበር ማለት ይቀላል። ከጭቃ መንገድ በተመለስን ቁጥር፣ ሳይበሉ ሳይጠጡ፣ ክሪኩን ግድግዳ ላይ አቁመው ቀዳዳውን ሁሉ በቀጭን እንጨት ይጠርጉታል። ከዚያ በላምባ ያጥቡታል፤ ሁለቱን ፒኖችና ሞላዎቻቸውን ያደርቁና ጣታቸውን ዘይት ነክተው በስሱ ያብሱታል። አንድ ቀን ግራሶ ላምጣልዎት ብላቸው ቆጡኝ። «ግራሶ አቧራ ይጠራል፤ አቧራና ግራሶ ተጋብተው የሚወልዱት ድንጋይ ነው» አሉኝ። «ስማኝ አስፋው። ቀጭ ሲል ጥርሱን ነክሷል ማለት ነው። ቀጭ ሳይል ሸክሙን አትመነው። በቅሎ ሰኮናዋን፣ መኪና ክሪኳን ካላየህላት መንገድ ላይ ትሸጥሃለች።»

እንግዲህ ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። አንድ ሳምንት ከአቀስታ መልስ፣ መኪናውም እኛም ጭቃ ለብሰን ደሴ ስንገባ፣ አያ ሁሴንን የወንድማቸው መርዶ ጠበቃቸው። እዚያው ከመኪና ሳይወርዱ ማለት ይቻላል ወደ ሐዘኑ ሄዱ። ሲሄዱ አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፤ «ክሪኩን አደራ።» እኔ ደግሞ ያን ዕለት ከሰዓት ከአንዲት ልጅ ጋር ሲኒማ ለመግባት ተቀጣጥሬያለሁ። የልጅቷ ስም ዛሬ ጠፍቶብኛል፤ የለበሰችው ሰማያዊ ሹራብ ግን ትዝ ይለኛል። ክሪኩን ከነጭቃው ከወንበሩ ሥር ወርውሬ፣ ነገ አጥበዋለሁ ብዬ፣ ፊቴን ታጥቤ ሄድኩ። ነገ ሌላ ነገር መጣ፤ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ጭቃው ፒኖቹ ላይ ደረቀ። በሦስተኛው ቀን ወደ መካነ ሰላም ጫኑ ተባልን። አያ ሁሴን ከሐዘን ቤት በቀጥታ መጥተው ጋቢና ሲወጡ፣ ገና ሳይቀመጡ፣ «ክሪኩን አጠብከው?» አሉኝ።

«አጥቤዋለሁ» አልኳቸው።

መካነ ሰላም ስንደርስ የእርዳታ ኮሚቴው ኃላፊ ጭነቱን እዚህ አታራግፉ፣ ቀጥታ ወደ ከላላ ውረዱ አለን። ወገቡ ላይ ሽጉጥ የታጠቀ፣ እንቅልፍ ካጣ የሰነበተ የሚመስል ሰው ነው። ጆንያዎቹን በእጁ እየነካ ቆጠራቸውና ወደ እኔ ዞረ። «መንገድ ላይ አንዲት ጆንያ ተከፍታ ብትገኝ በራስህ ነው። ካንተ በፊት የነበረው ሾፌር የት እንዳለ ታውቃለህ» አለኝ። አውቃለሁ። እስር ቤት ነው፤ ወይ እስር ቤት ነበር። በዚያን ጊዜ ሁለቱን መለየት ያስቸግር ነበር። ሸራውን ጠፍረን ጠዋት ተነሳን።

የመንገዱን ነገር ለሰብለ ብዙ አላወራኋትም። ሰው በሰልፍ ነበር የሚሄደው፤ በዝግታ፣ ወደ መካነ ሰላም። መኪናውን ሲያዩ የሚሮጡም፣ እጅ የሚዘረጉም አልነበሩም። ያ ነበር የሚያስፈራው። ዝም ብለው ከመንገድ ወጣ ይሉልናል፤ ስናልፋቸው መልሰው ይገባሉ። በዚያ በኩል ሰማዩ ወራት ሙሉ ሲለመን አልሰማ ብሎ ከርሞ፣ ያን ሌሊት ያለጊዜው ዘንቦ አድሯል። ዘሩም ከብቱም ካለቀ በኋላ። ከላላ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን፣ ዥረቱን ተሻግረን ሜዳው ላይ እንደወጣን፣ የኋላ ጎማዎቹ ጥቁሩ ዋልካ ውስጥ ገቡ። ማርሽ ቀየርኩ፣ ወደ ኋላ ሞከርኩ፣ ነዳጅ ሰጠሁ። ጎማው በዞረ ቁጥር ይቀብረናል። አያ ሁሴን «ተው፣ አብሽር፣ በቅሎ እንዲህ አትመታም» ብለው አስቆሙኝ። ወርደው ጎማውን አዩ። «ክሪኩን ስጠኝ» አሉ።

ሰጠኋቸው። እንዳይሰምጥ ከሥሩ ጣውላ አስቀምጠው ክሪኩን አቆሙት፣ እጀታውን አንዴ ጫን አሉት። ድምፅ የለም። ደገሙት። ላይ ያለው ፒን ከጭቃው ጋር ድንጋይ ሆኗል። ዝቅ ብለው በጥፍራቸው ቧጠጡት፤ ደረቅ ጭቃ እንደ ቅርፊት ተላጠ። ቀና ብለው አዩኝ። ብዙ ሰው በሕይወቴ ተቆጥቶኛል፤ ሰድቦኛል፣ አንዴም በጥፊ ተመትቻለሁ። እንደዚያ ዓይን ግን የመታኝ የለም። «እንጠበው» ብቻ አሉ። ላምባ አልነበረንም። ከነዳጅ ጋኑ ናፍጣ በቆርቆሮ ቀድተን ፒኑን ስንነክር፣ ስንጠርግ፣ በድንጋይ ስናንኳኳ ፀሐይ አናታችን ላይ ወጣች።

ሰዎቹ የመጡት ያኔ ነው። ሰባት ወይ ስምንት ይሆናሉ። ከፊት ያለው ሰው ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ትከሻው ሰፊ ነበር፣ አጥንቱ ማለቴ ነው። ሚስቱን ደግፏታል። ይመር እንደሚባል፣ ከወግዲ በኩል እንደመጡ፣ ሚስቱ ዘነቡ እንደምትባል በኋላ ነው ያወቅሁት። ሚስቱን ነፋሱ በማያገኛት በኩል፣ በመኪናው ማዶ፣ የፊተኛውን ጎማ አስደግፎ አስቀመጣትና ወደ እኛ መጣ።

«እንዴት ዋላችሁ? ምነው፣ ያዛችሁ?»

«ያዘን» አሉት አያ ሁሴን።

«ምን ጭናችሁ ነው፣ ወንድማለም?» አለኝ ወደኔ ዞሮ።

የኮሚቴው ሰው ሽጉጥ ዓይኔ ላይ መጣብኝ። ስምንት ሰው ነው፣ እኛ ሁለት ነን። እህል ነው ብላቸው ምን ይመጣል አልኩ በልቤ። «ስሚንቶ ነው። ለመንገድ ሥራ» አልኩት።

አያ ሁሴን ሥራቸውን አቁመው አፈሩን አዩ። ይመር ሸራውን አየት አደረገ። አፍንጫው ሲከፈት አይቻለሁ፤ ስንዴ በዝናብ ማግስት ከሸራ ሥር ምን ያህል እንደሚሸት ገበሬ የማያውቅ ይመስላችኋል? እኔ ግን ተቀበለኝ ብዬ አመንኩ። ማመን ስለፈለግሁ። «ስሚንቶም ቢሆን ለሰው ነው» አለ። «ድንጋይ ያስፈልጋችኋል። ከዚያ ጉብታ እናምጣላችሁ።»

ሰብለ እዚህ ላይ አቋረጠችኝ። «ተርበው ነው ድንጋይ የሚሸከሙት?» አለችኝ። አዎ። ከጉብታው እስከ መኪናው ደህና ርቀት ነው። አንድ ድንጋይ ለሁለት ይዘው፣ ሦስት ጊዜ እያረፉ፣ ያመጣሉ። አንዲት ሴት ድንጋዩን በነጠላዋ አዝላ መጣች። በስንዴውና በእነሱ መካከል ያለው አንድ ሸራ ብቻ ነበር። በመካከሉ ይመር ሁለት ጊዜ ወደ ማዶ ሄዶ ሚስቱን አይቶ ተመለሰ። በሁለተኛው «ትንሽ ሸለብ አድርጓታል» አለን። እኔ እሷን አንዴም ሄጄ አላየኋትም።

ፒኑ በመጨረሻ ተላቀቀ። ከመኪናዋ ኋላ ቆመን በቀኝ በኩል ያለውን የኋላ ጎማ ቀጭ፣ ቀጭ እያደረግን አነሳነው፤ ሥሩን በድንጋይ ሞላነው። ወደ ግራው ዞርን። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው፤ በምዕራብ በኩል፣ ከዓባይ በላይ፣ ደመና ተከምሯል። እጀታውን ከአያ ሁሴን እጅ ተቀብዬ እኔ እጫን ጀመር። ወደ መጨረሻው ላይ አንዴ ስጫን ድምፁ አልመጣም። አውቃለሁ እንዳልመጣ። ቸኩዬ ነበር። ደግሜ ተጫንኩት። ሞላው ውስጥ የቀረችው ጭቃ ፒኑን ይዛዋለች፤ ክሪኩ ሸርተት አለና መኪናዋ ወርዳ ዋልካው ላይ ተዘረጠጠች። እጀታው ጆሮዬን ታክኮ አለፈ። ሰው አልተመታም። ጭነቱ ግን ወዲያና ወዲህ ተንገዳገደ፤ ከላይ ማዶ ጠርዝ ላይ፣ በጋቢናው በኩል፣ የነበረች ጆንያ የጭነት ማስቀመጫው፣ የካሶኒው፣ ብረት ይዞ ቀደዳት። ስንዴ ሲፈስ የሚያሰማውን ድምፅ ሰማን። ረጅም ድምፅ ነው።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ዝናብ የመጣ ይመስል ሁሉም ቆሞ ያዳምጣል። ከዚያ ይመር ድንጋዩን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

«ወንድማለም» አለኝ፣ ሳይቆጣ፣ «ስሚንቶህ ፈሰሰ።»

ከዚያ ወደ ማዶ እየዞረ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ዘነቡ! ዘነቡ፣ አምላክ አየን! ዘግኚ እንጂ!» ተከትዬው ሄድኩ። ጎማውን እንደተደገፈች ናት። ስንዴው በትከሻዋ ወርዶ ጭኗ ላይ ተከምሯል፤ አሁንም ይወርዳል። እጇ ስንዴው ውስጥ ነው። አልዘገነችም። ይመር ጎንበስ ብሎ ጉንጯን ሲነካ ጊዜው ማለፉን ሁላችንም አወቅን። መቼ እንዳለፈ የሚያውቅ የለም። ሸለብ አድርጓታል ባለን ጊዜ ይሁን፣ ድንጋይ ስንቆጥር ይሁን፣ ፒን ስናንኳኳ ይሁን።

ቢላዬን አወጣሁና ሁለት ጆንያ ሸነተርኩ። ሽጉጡ ትዝም አላለኝ። አያ ሁሴን ባልዲያችንን እሳት ላይ ጣዱ። «ቀስ! ቀስ በሉ! መጀመሪያ ውሃውን ብቻ፣ ፍሬውን በኋላ፤ ባዶውን የቆየ ሆድ እህል ይገድለዋል» እያሉ በጣሳ እየቀዱ ለእያንዳንዱ አጠጡ። ይመር አልጠጣም። በእኛ አካፋ ከመንገዱ ራቅ አድርጎ ቆፈረ፤ ላግዝህ ስለው አካፋውን ሳይሰጠኝ ቆፈረ። ቄስ የለም። ዘነቡን ባወረድን ጊዜ ይመር ወደ አያ ሁሴን ዞረ። «አባባ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። የሚያውቁትን ይበሉልኝ» አላቸው። አያ ሁሴን «ያ ረቢ» ብለው ትንሽ አመነቱ፤ ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉላት፤ ክርስቲያኖቹ አሜን አሉ።

ወደ ማታ ግራውንም ጎማ አንስተን ከዋልካው ወጣን። ሁሉንም ጭነት ላይ አውጥተን ከላላ ገባን። በማግስቱ ጠዋት ጭነቱ ሲቆጠር ጎደለ። ተቆጣጣሪው አንዱ ጆንያ በብረት የተቀደደ፣ ሁለቱ በቢላ የተቀደዱ መሆኑን አየ፤ የደነዘዘ ሰው አልነበረም። እኔን ትቶ ከመኪናው የወረዱትን ጠየቀ። «ይሄ ሾፌር መንገድ ላይ እህል ሰጥቷችኋል?» አለው ይመርን። አንገቴን ደፋሁ። ይመር ሰውየውን ቀጥ ብሎ አየው። «የለም፣ ጌታዬ። እኛ መኪናው ላይ ያየነው ስሚንቶ ነው» አለ። ሌሎቹም «ስሚንቶ ነው» አሉ፣ አንድ በአንድ። ተቆጣጣሪው ወረቀቱን አወጣ። ከዚያ ረሃብ አእምሯቸውን ነክቶታል ብሎ ይሁን፣ ወይም ሁሉን ተረድቶ ይሁን፣ ወረቀቱ ላይ በአደጋ የፈሰሰ ብሎ ጻፈና አሰናበተን።

አያ ሁሴን ስለዚያ ቀን ዳግመኛ አንስተውብኝ አያውቁም። ደሴ ስንገባ ክሪኩን አውርደው ግድግዳው ላይ አቆሙና፣ ላምባውን አጠገቡ አስቀምጠው፣ «ከዛሬ ጀምሮ አንተ ነህ» ብለው ሄዱ። አብረን በሠራንባቸው ዓመታት ሁሉ አጠብኩት። ሳቸው በዕድሜ ጠግበው፣ በልጆቻቸው መካከል፣ በሰላም ሞቱ። እኔ ግን መኪና ከመንቀሳቀሱ በፊት ማዶውን ዞሬ፣ አራቱንም ጎማ አይቼ ነው የምገባው። ሌሎች ሾፌሮች ጠንቃቃ ነው ይሉኝ ነበር። ጥንቃቄ አይደለም። ዛሬም አውቶቡስ ተራ ላይ ጎማ ተደግፎ የተቀመጠ ሰው ሳይ እግሬ ይቆማል። እጁን እስኪያንቀሳቅስ እጠብቃለሁ።

«ሰውየውንስ? ይመርን አላገኙትም?» አለችኝ ሰብለ። ባለሱቁ በሩን እየዘጋ ነበር፤ የምሳ ሰዓት ሆኗል።

አገኘሁት። ዓመታት አልፈው፣ አገር ሌላ ወግ ይዞ፣ እኔም ቤልቦተሙን ጥዬ ካኪ ለብሼ ነበር። ወግዲ በገበያ ቀን ነው። እሱ አወቀኝ። ጎልምሷል፤ ሚስት አግብቷል፣ ሁለት ልጆች አሉት፣ ሸጋ በቅሎ ይዞ ዘር ሊሸምት መጥቷል። ሳመኝ። «ይኸውልህ አለን» አለኝ። ጠላ ቤት አስገብቶ ጋበዘኝ። በየዓመቱ ወደዚያ ሜዳ እየወረደ ዘነቡን የቀበረበትን ድንጋይ እንደሚያድስ ነገረኝ። ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። «አያ ይመር፣ ለዚያ ውሸቴ ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ስሚንቶውን ነው?» አለ። ፈገግ አለ። «እሱንማ ያኔውኑ ነው የተውኩት። ፈርተህ ነው። እኔም ባንተ ቦታ ብሆን እፈራ ነበር። ምነው ስንዴህ ሳይሸተን ቀርቶ ነው ድንጋይ የተሸከምንልህ? መኪናው ከወጣ እናንተም ከላላ ትደርሳላችሁ፣ እኛም አንድ ነገር አናጣም ብለን ነው።» ጣሳውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። «አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ያ ብረት ምን ነክቶት ነው እንደዚያ ያስቸገራችሁ? ቶሎ ብትነሱ ኖሮ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ከላላ ነበርን'ኮ።»

መልሱ ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ብረት ነው፣ ይበላሻል፣ የእግዜር ነገር ነው ብል ያምነኛል። ስቆ፣ ሌላ ጣሳ አስቀድቶልኝ፣ ተቃቅፈን እንለያያለን። ግን ሁለት ጊዜ ዋሽቼ ያየሁት በቃኝ። «ጭቃ ይዞት ነው» አልኩት። «ከዚያ በፊት በነበረው ጉዞ ያገኘው ጭቃ። እንዳጥበው አደራ ተብዬ ሳላጥበው ቀርቼ ደረቀበት።»

«የሚታጠብ ጭቃ ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ማጠቡ ምን ያህል ይፈጃል?»

«ግማሽ ሰዓት አይሞላም።»

«ምን ይዞህ ነው?»

«ሲኒማ» አልኩት።

ይህን ስናገር ሰብለ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ይመር ግን ፊቱን አላዞረም። አንድ ገበሬ የማያውቀውን ዘር መዳፉ ላይ አድርጎ እንደሚያየው፣ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ያልጨረሰውን ጠላ ትቶ ተነሳና ወጣ። ተከትዬው ወጣሁ። የበቅሎዋን መጫኛ ፈታ፣ እንደገና አጥብቆ አሰረ። ልጓሟን ይዞ፣ ላይዋ ላይ ሳይወጣ፣ ሳይሰናበተኝ፣ በገበያተኛው መካከል ሄደ። ዞር ብሎ ያየኝ እንደሆነ ብዬ፣ ገበያው ተበትኖ ሜዳው ባዶ እስኪሆን ድረስ እዚያው ቆሜ ጠበቅሁት።